በኤሌክትሮኒክ ፎርም ላይ ለተደጋጋሚ ይዘት ቦታ መያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ለመሥሪያ ቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ ወይም ለማኅበር ፎርም ለሚያዘጋጁ ሰዎች የተጻፈ ነው። ምሳሌዎቹ በአዶቤ ዲዛይነር ላይ ናቸው። ድሮ ላይቭሳይክል ዲዛይነር ይባል የነበረው ማለት ነው። ወርድ ብቻ ያላችሁም አትሂዱ፤ ወደ ታች የእናንተም ጥያቄ አለ።

ቦታ መያዣ ሲባል ምን ማለት ነው?

ፎርሙ ውስጥ «እዚህ ጋ የአድራሻው ክፍል ይገባል» ብሎ ቦታ የሚይዝ ነገር ነው። ይዘቱ ራሱ እዚያ የለም። ያለው ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ፎርሙ የሚያውቀው ይዘቱ የት እንዳለ ብቻ ነው፤ ሲከፈት ሄዶ ያመጣዋል። ያ ለብቻው የተቀመጠው ይዘት በዲዛይነር ፍራግመንት ይባላል።

ጥቅሙ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ብዙ ፎርም ላለው ቢሮ ስትሠሩ ነው። ሁሉም ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ አለ። አብዛኛው ሰው አንዱን ሠርቶ ሌላው ላይ ኮፒ ፔስት ያደርጋል። ያው ፈጣን ነው። ጣጣው የሚመጣው በኋላ «ስልክ ከሚለው ሥር አማራጭ ስልክ ይጨመርበት» ሲባል ነው። ኮፒ የተደረገ ከሆነ ፎርሞቹን አንድ በአንድ መክፈት ነው። ቦታ መያዣ ከተቀመጠ ግን አንድ ፋይል ታስተካክላላችሁ፣ አለቀ።

ሳጥኑ ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ከሚታየው «ስምዎን እዚህ ይጻፉ» ይለያል?

አዎ፣ ሌላ ነገር ነው። ያኛው ለሚሞላው ሰው የተጻፈ ፍንጭ ነው። እዚህ የምናወራው ፎርሙን ለሚሠራው ሰው ስለሚጠቅመው ነው፤ ሞይው ጭራሽ አያየውም።

የትኛውን ክፍል ነው ለብቻው ማውጣት ያለብኝ?

ከአንድ በላይ ፎርም ላይ የሚደጋገምና አንድ ቀን መለወጡ የማይቀር ነገር ካለ እሱን። እዚህ አካባቢ አራት ነገሮች ይህን መስፈርት ያሟላሉ።

የመጀመሪያው አድራሻ ነው። ከዲዛይነር ጋር የሚመጣው የአድራሻ ክፍል ስቴትና ዚፕ ኮድ ይጠይቃል። ለእኛ አይሆንም። የራሳችሁን ሥሩ። ለሐረር የምትሠሩ ከሆነ ወረዳው ተመራጭ ዝርዝር ይሁን፤ የሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አሉት፦ አሚር ኑር፣ አባዲር፣ ሸንኮር፣ ጂኔላ፣ አቦከር፣ ሐኪም፣ ሶፊ፣ ኤረር እና ድሬ ጥያራ። ሰው በእጁ ሲጽፍ አንዱን ወረዳ በሦስት ዓይነት ፊደል ይጽፈዋል፤ በኋላ ኤክሴል ላይ ስትቆጥሩት ሦስት ወረዳ ሆኖ ይወጣል። ለድሬዳዋ ደግሞ «ልዩ ቦታ» የሚል ሳጥን አትርሱ። የቤት ቁጥሩን የማያውቅ ሰው «አሸዋ ገበያ ጀርባ» ወይም «ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት» ብሎ ነው የሚነግራችሁ። ሳጥኑ ከሌለ የቤት ቁጥሩ ውስጥ ይጽፈዋል። የቤት ቁጥሩ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ፎርሙ እምቢ ይላል፣ ሰውዬውም ይናደዳል።

ሁለተኛው ስልክ ነው። ብዙ የቆዩ ፎርሞች ሞባይል በ09 ብቻ እንዲጀምር ያስገድዳሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በሙከራ የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ሰው ሞልቷል። የስልኩ ማረጋገጫ ፍራግመንት ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ቦታ 07 ተጨምሮ ሁሉም ፎርም ይስተካከል ነበር። ለመደበኛ ስልክ 025ንም ፍቀዱ፤ አሁንም በመስመር ስልክ የሚሠሩ ቢሮዎች አሉ።

ሦስተኛው የፎርሙ ራስጌ ነው፦ አርማው፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከሥሩ አድራሻው። ድሬ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይጻፋል። ሐረር ላይ ሐረሪውና አፋን ኦሮሞው አለ፣ አማርኛውም አብሮ። የመሥሪያ ቤት ስም ይለወጣል፤ ጽሕፈት ቤት የነበረው ቢሮ ይሆናል፣ ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ራስጌውን ያላወጣ ሰው ያን ቀን ሻይም አይጠጣም።

አራተኛው ቀን ነው። እሱ የራሱ ጣጣ ስላለው ዝቅ ብሎ ለብቻው መጥቷል።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?

መጀመሪያ የሚደጋገመውን ክፍል በአንድ ሳብፎርም ውስጥ ሰብስቡት። ሳብፎርም ማለት ሳጥኖችን፣ ጽሑፎችንና ስክሪፕቶችን (ፎርሙ የሚፈጽማቸውን አጫጭር የትእዛዝ ጽሑፎች) በአንድ ላይ የሚይዝ ክፍል ነው። ልቅ የሆኑ ሳጥኖችን መርጣችሁ ወደ ፍራግመንት ልቀይር ብትሉ ሥርዓት አይኖረውም። ሳብፎርሙን ግልጽ ስም ስጡት። «ሳብፎርም 14» የሚባል ስም ከወር በኋላ ለእናንተም አይገባችሁም።

ቀጥሎ ሳብፎርሙን በሄራርኪ ፓነሉ (የፎርሙን ክፍሎች በዝርዝር በሚያሳየው መስኮት) ላይ በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ፍራግመንትስ»፣ ከዚያ «ክሪኤት ፍራግመንት» የሚለውን ምረጡ። ስምና አጭር መግለጫ ይጠይቃችኋል። መግለጫውን አትዝለሉት። እዚያው መስኮት ላይ የመረጣችሁትን ክፍል በአዲሱ ፍራግመንት ማጣቀሻ እንዲተካ የሚያደርግ ምልክት አለ። እሱ ምልክት ይደረግበት። ካልተደረገ ፋይሉ ይፈጠራል እንጂ ፎርማችሁ ውስጥ ያለው የድሮው ኮፒ እንደነበረ ይቀራል። ለዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በኋላ ማረም ሲያስፈልግ ነው።

ፍራግመንቱ ኤክስዲፒ በሚባለው የዲዛይነር የፋይል ዓይነት ሴቭ ይደረጋል። ሌላ ፎርም ስትከፍቱ ከፍራግመንት ላይብረሪው ጎትታችሁ የምትፈልጉበት ቦታ ትጥሉታላችሁ። ሄራርኪው ላይ ምልክቱ ከተራ ሳብፎርም ስለሚለይ፣ የቱ ቦታ መያዣ የቱ እውነተኛ ይዘት እንደሆነ በዓይን ይለያል።

ስክሪፕትም እንዲሁ ለብቻው ይወጣል። የስልክ ማረጋገጫው፣ የቀን ስሌቱ፣ የገንዘብ ድምሩ ስክሪፕት ኦብጀክት ውስጥ ገብቶ የስክሪፕት ፍራግመንት ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ፦ ፍራግመንት ውስጥ ያለ ስክሪፕት ሳጥኖችን ከፎርሙ አናት ጀምሮ በሙሉ መንገድ መጥራት የለበትም። እናንተ ፎርም ላይ አናቱ ስሙ አንድ ነው፣ ሌላው ፎርም ላይ ሌላ ነው። ካለበት ቦታ ተነሥቶ ጎረቤቱን በሚጠራ መንገድ ጻፉት። «አንዱ ፎርም ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ አይሠራም» የሚል ቅሬታ ከመጣላችሁ መጀመሪያ እዚህ ጋ ፈትሹ።

ፎርሙ ውስጥ ያለውን አድራሻ ለማረም ስሞክር አይነካም። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ማረም የምትችሉት የፍራግመንቱን ፋይል ከፍታችሁ ነው። ፎርሙ ላይ ቦታውን ታንቀሳቅሳላችሁ፣ ለማጣቀሻው ስም ትሰጣላችሁ፤ የውስጡ ግን የፋይሉ ነው።

«ለዚህ ፎርም ብቻ ትንሽ ልለውጠው» የምትሉበት ቀን ይመጣል። በቀኝ ክሊክ ሜኑው ላይ «ኮንቨርት ቱ ኢምቤድድ ኦብጀክት» የሚል አለ። ይዘቱን ፎርሙ ውስጥ ያስገባውና ከፋይሉ ጋር ያለውን ግንኙነት ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ የፍራግመንቱ ለውጥ ለዚያ ፎርም አይደርሰውም። ካደረጋችሁት የፎርሙ ስም አጠገብ ማስታወሻ ያዙ። እኔ ግን ብዙ ጊዜ አልመክረውም። ለአንድ ፎርም የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ሳጥን ከፍራግመንቱ ውጪ፣ ከሥሩ ማስቀመጥ ይቀላል።

ፍራግመንቱን አስተካከልኩ፤ የላክሁት ፒዲኤፍ ግን ያው የድሮው ነው።

ፒዲኤፍ ሆኖ ሴቭ ሲደረግ የፍራግመንቱ ይዘት ፒዲኤፉ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ፒዲኤፉ የትም ሄዶ አይጠይቅም። ስለዚህ ፎርሙን በዲዛይነር ከፍታችሁ እንደገና ፒዲኤፍ ማድረግና ማሠራጨት የግድ ነው። ሰው ስልኩና ፍላሹ ላይ የያዘው የድሮ ኮፒ እንደሚቀጥልም እወቁ፤ ለዚህ ነው ግርጌው ላይ የእትም ቀን የሚጻፈው።

ፎርሙ ሰርቨር ላይ በኤክስዲፒ ተቀምጦ ሰው በጠየቀው ቁጥር እንዲወጣ ከተደረገ ግን ይለያል። ያኔ ሰርቨሩ ፎርሙን ሲያዘጋጅ ፍራግመንቱን ያነብባል፣ ለውጡም ይደርሳል።

ከፍራግመንቱ ሥር ያለው ጽሑፍ ተደራረበብኝ።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ፍራግመንቱ ውስጥ አይደለም። ቦታ መያዣው የተቀመጠበት ሳብፎርም ውስጥ ነው።

ዲዛይነር ላይ ሳብፎርም ይዘቱን በሁለት መንገድ ያስቀምጣል። አንዱ «ፖዚሽንድ» ነው፤ እያንዳንዱ ነገር በተሰጠው ቦታ ተቸንክሮ ይቀመጣል። ሌላው «ፍሎውድ» ነው፤ የላይኛው ሲረዝም የታችኛው ይወርዳል። ፖዚሽንድ በሆነ ሳብፎርም ውስጥ ፍራግመንት ካስገባችሁና ፍራግመንቱ በኋላ ሁለት መስመር ከጨመረ፣ ከሥር ያለው ነገር ንቅንቅ አይልም። ላዩ ላይ ይወጣበታል።

ስለዚህ ቦታ መያዣውን የሚይዘውን ሳብፎርም ፍሎውድ አድርጉት። የእሱን ወላጅ (እሱን የያዘውን ሳብፎርም)፣ የወላጁንም ወላጅ እንዲሁ። አንዱ መሐል ላይ ፖዚሽንድ ሆኖ ከቀረ ግፊቱ እዚያ ይቆማል። ከዚያ ሴቭ ስታደርጉ «ዳይናሚክ» የሚለውን የፒዲኤፍ ዓይነት ምረጡ። ስታቲክ ፒዲኤፍ ይዘቱ ስለረዘመ ብሎ አይለጠጥም።

ለእኛ አካባቢ ይህ የበለጠ ይከብዳል። ምክንያቱም አንዱ ራስጌ በሦስት ቋንቋ ሲጻፍ ርዝመቱ እኩል አይደለም። አማርኛው አንድ መስመር የሚበቃው የመሥሪያ ቤት ስም በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለት መስመር ሊወስድ ይችላል። ቁመቱን በአማርኛው ለክታችሁ ከዘጋችሁት የሌሎቹ ታች ይቆረጣል። የጽሑፍ ሳጥኖቹ ቁመት እንደ ይዘቱ እንዲያድግ ፍቀዱለት። ስትሞክሩም ከሦስቱ ረጅሙን አስገብታችሁ ሞክሩ።

አንዱን ፍራግመንት በአንድ ፎርም ላይ ሁለቴ ማስገባት ይቻላል? ለምሳሌ የቤት ኪራይ ውል ላይ አከራይና ተከራይ አሉ።

ይቻላል፤ እንዲያውም ደስ የሚለው አጠቃቀም ይኸ ነው። የስምና የአድራሻውን ፍራግመንት ሁለት ጊዜ ታስገባላችሁ። አንዱን አከራይ፣ ሌላውን ተከራይ ብላችሁ ሰይሙት። ስሙ መለየቱ ዳታው ሲወጣ የማን አድራሻ የማን እንደሆነ እንዳይምታታ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ፍራግመንቱ ውስጥ የስም ሳጥኑ ግሎባል ዳታ እንዲጠቀም ከተደረገ፣ አንድ ስም ያላቸው ሳጥኖች ሁሉ አንድ መረጃ ይጋራሉ። አከራይ ላይ «ከበደ» ብላችሁ ስትጽፉ ተከራዩም ከበደ ይሆናል። አቦ፣ ሰውዬው ቤቱን ለራሱ አከራየ ማለት ነው! ግሎባል የሚጠቅመው በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ እንዲደገም ለምትፈልጉት ነገር ነው፤ ለምሳሌ ለመዝገብ ቁጥር። የሰው መረጃ የያዘ ፍራግመንት ውስጥ አታስገቡት።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀበል ፍራግመንት እንዴት ይሠራል?

የዲዛይነር የቀን ሳጥን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ሲነኩት የሚከፈተው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጳጉሜን የለም። ስለዚህ ቀኑን በሦስት ሳጥን ሥሩት፦ ቀን፣ ወርና ዓመት። ወሩ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስት አማራጭ ያለው ተመራጭ ዝርዝር ይሁን።

ማረጋገጫው ከባድ አይደለም። ከመስከረም እስከ ነሐሴ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ነው። ጳጉሜን 5 ነው፤ በዘመነ ሉቃስ 6 ይሆናል። ዓመቱን ለ4 ስታካፍሉት ቀሪው 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ ነው። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ነበራት፣ 2019 ዓ.ም. ትደግማለች። ይህን በስክሪፕት ፍራግመንት ጻፉትና ሁሉም የቀን ክፍል እሱን ይጥራ።

አንድ ነገር ጨምሩበት፦ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምርጫ። ፓስፖርቱን አይቶ የሚሞላ ሰው የልደት ቀኑን በፈረንጅ ያስገባል፣ ከትምህርት ቤት ወረቀቱ የሚገለብጠው በእኛው። ምርጫው ከሌለ 1990 የሚለውን አይታችሁ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አትችሉም። ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፤ ለጡረታም ለትምህርትም ትልቅ ነገር ነው።

በሞይው ቋንቋ መሠረት የተለያየ ይዘት እንዲገባ እፈልጋለሁ። ባዶ ቦታ ትቼ በኋላ መሙላት ይቻላል?

እስካሁን ያየነው የትኛው ፍራግመንት እንደሚገባ ፎርሙ ላይ አስቀድሞ የተወሰነበት ነው። ሌላ መንገድም አለ። ፎርሙ ላይ ስም ያለው የማስገቢያ ነጥብ ብቻ ትተዋላችሁ፤ ምን እንደሚገባበት ፎርሙ አያውቅም። ሰርቨር ላይ ያለው አሴምብለር የሚባለው አገልግሎት ነው የሚሞላው። ለእሱ የትእዛዝ ፋይል ይሰጠዋል፤ ዲዲኤክስ ይባላል። እዚያ ላይ «በዚህ ስም ባለው ነጥብ ይህን ፍራግመንት አስገባ» ተብሎ ይጻፋል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ክሊኒክ የሕክምና ስምምነት ፎርም አለው። ሳጥኖቹ ለሁሉም ታካሚ አንድ ናቸው። የስምምነቱ ጽሑፍ ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ሦስት ፍራግመንት ሆኖ ተቀምጧል። ፎርሙ ላይ «የስምምነት ጽሑፍ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ የማስገቢያ ነጥብ አለ። እንግዳ ተቀባይዋ ቋንቋውን ስትመርጥ ሥርዓቱ የሚመጥነውን ያስገባል። በኋላ ጌይ ሲናን፣ ማለትም ሐረሪኛን፣ እንጨምር ቢሉ አንድ ፍራግመንት ይተረጎማል፣ ፎርሙ ራሱ አይነካም።

ለነጥቡ የምትሰጡት ስም ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በይዘቱ ሥራ ሰይሙት እንጂ አሁን በሚገባበት ነገር አትሰይሙት። «የአማርኛ ጽሑፍ» ብላችሁ የሰየማችሁት ነጥብ ውስጥ ሶማሊኛ ሲገባ የሚቀጥለው ባለሙያ ግራ ይጋባል። ደግሞ ስሙ ፎርሙ ላይና ትእዛዙ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ፊደል ከተለየ ይዘቱ አይገባም።

ሰርቨር ከሌላችሁ ይህ መንገድ ለእናንተ አይደለም። ሦስቱንም ፍራግመንት ፎርሙ ላይ አስገብታችሁ፣ ቋንቋ ሲመረጥ ሁለቱን የሚደብቅ ስክሪፕት ጻፉ። ውበት ባይኖረውም ይሠራል።

በአረፍተ ነገር መሐል የሰው ስም እንዲገባ እፈልጋለሁ፤ «እኔ እንዲህ የተባልኩት…» ዓይነት።

ለዚያ ፍራግመንት አይሆንም። ጽሑፉ ውስጥ ጠቋሚውን አስቀምጡና ከኢንሰርት ሜኑ «ፍሎቲንግ ፊልድ» የሚለውን ምረጡ። ስም ሲሞላ ጽሑፉ ራሱን ያስተካክላል፤ አጭርም ይሁን ረጅም ስም በመሐሉ ክፍተት አይተውም። ለውል፣ ለምስክር ወረቀት፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ለሚባለው ደብዳቤ ተመራጭ ነው።

ፎርሙን በፍላሽ ወደ ሐረር ልኬ ሲከፍቱት የአድራሻው ክፍል የለም።

ፎርሙ ሄዷል፣ ፍራግመንቱ ድሬ ቀርቷል። ኤክስዲፒ ስትልኩ ፍራግመንቶቹንም መላክ አለባችሁ፤ ያውም በነበሩበት የአቃፊ አቀማመጥ። ፎርሙ ፍራግመንቱን የሚፈልገው በመንገዱ ነውና። ጥሩው ልማድ አንድ ዋና አቃፊ ከፍቶ፣ ውስጡ ፎርሞችንና ፍራግመንቶችን በሁለት አቃፊ መለየት ነው። ሲላክ ዋናው አቃፊ በሙሉ ይላካል። ፍራግመንትን ዴስክቶፕ ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው ብላችሁ ሕግ አውጡ።

ለሚሞላ ሰው ከሆነ የምትልኩት ፒዲኤፉን ብቻ ላኩ። እሱ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ወጣ።

ፎንት ነው። እናንተ ጋ ያለው ፎንት እዚያ የለም። ኢብሪማ በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ አለ። ኒያላ ግን በዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው፤ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ፒዲኤፍ ስታደርጉ ፎንቱ አብሮ እንዲገባ ምረጡ። ፍራግመንቶቹን ሁሉ በአንድ ፎንት ሥሩ፤ አለበለዚያ ራስጌው በአንድ፣ አድራሻው በሌላ መልክ ይወጣል። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ካላችሁ ወደ ፍራግመንት ከማስገባታችሁ በፊት ቀይሩት። አንድ ፍራግመንት ከተበላሸ ሁሉም ፎርም ላይ ይበላሻል፤ የዚህ አሠራር ሌላ ገጽታው ይኸ ነው።

ስልክ ላይ ስከፍተው «እባክዎ ይጠብቁ» በሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቆመ።

የዲዛይነር ዳይናሚክ ፒዲኤፍ ኤክስኤፍኤ በሚባል ቴክኖሎጂ ላይ ነው የቆመው። ኮምፒውተር ላይ በአዶቤ ሪደር ይከፈታል። አብዛኞቹ የስልክ ማሳያዎችና ብራውዘሮች ግን አያውቁትም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የፒዲኤፍ 2.0 ደረጃም ኤክስኤፍኤን ወደ ጎን ትቶታል። እዚህ ሀገር ሰው ፎርም የሚቀበለው በቴሌግራም፣ የሚከፍተውም በስልኩ ነው። ስለዚህ ለሕዝብ የሚበተን ፎርም ከሆነ ዳይናሚክ ፒዲኤፍን አልመክርም። የአዶቤ ኤክስፒሪየንስ ማኔጀር አዳፕቲቭ ፎርሞች በብራውዘር ይከፈታሉ፤ እነሱም የራሳቸው ፍራግመንት አላቸው፣ ሐሳቡ አንድ ነው። ቢሮ ውስጥ በኮምፒውተር ለሚሞላ ግን ዲዛይነር አሁንም ያገለግላል።

ዲዛይነር የለኝም። በወርድ ይሆናል?

በከፊል። ወርድ ላይ ክዊክ ፓርትስ የሚባለው አለ፤ አንዴ ሴቭ ያደረጋችሁትን ክፍል በፈለጋችሁበት ያስገባል። ግን የሚያስገባው ኮፒ ነው። ዋናውን ብታርሙት የገባው አይለወጥም። እውነተኛ ቦታ መያዣ የሚሆነው «ኢንክሉድ ቴክስት» የሚባለው ፊልድ ነው። ሌላ የወርድ ፋይልን ይጠቅሳል፤ ሰነዱን ሁሉ መርጣችሁ ኤፍ9 ስትጫኑ አዲሱን ያመጣል። ራስጌና የግዴታ አንቀጽ ለመሰለ ጽሑፍ በቂ ነው። ለሚሞሉት ሳጥኖች ደግሞ ከዴቨሎፐር ታብ ኮንቴንት ኮንትሮል ተጠቀሙ። ማረጋገጫና ስሌት ግን ከወርድ አትጠብቁ።

ታዲያ ሁሉንም ነገር ፍራግመንት ላድርገው?

አይ። እያንዳንዱን ሳጥን ለብቻ ያወጣ ሰው አንድ ፎርም ለመክፈት የፋይል መዓት ይጎትታል። አንዱ ሲጠፋም የቱ እንደሆነ መፈለግ አለ። አንድ ፎርም ላይ ብቻ ያለ ነገር እዚያው ይኑር። የምታወጡትን አንድ ሰው ይያዘው፤ ሌላው ሰው ለውጥ ሲፈልግ ለእሱ ይንገረው እንጂ ፋይሉን በራሱ አይክፈተው። ከመለወጡ በፊት የትኞቹ ፎርሞች እንደሚጠቀሙበት የሚያሳይ ዝርዝር ይኑረው፤ ተራ ኤክሴል ይበቃል። የፊርማና የማኅተም ቦታን ደግሞ አታውጡት። የሚደጋገም ይመስላል፣ ግን አንዱ ፎርም ላይ ኃላፊው ብቻ ይፈርማል፣ ሌላው ላይ ገንዘብ ያዡና ሦስት ምስክር ይፈርማሉ።